ያልተሾሙት የዓምድ ተቆጣጣሪ

ኮረብታ አናት ላይ ቤተ መቅደስ የሚሠራ ከተማ ሁሉ አንድ ሽማግሌ አይጠፋበትም። ማንም አልሾመውም፤ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ድንጋይ ጠራቢው ገና መሮውን ሳያነሳ፣ እሱ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

አርኪጶስ ከባሕር ማዶ መጥቶ ዓምድ በሚጠርብበት ከተማ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክቡር ሊሳንያስ ነበሩ። ሙያቸው የዓሣ መረብ መጠገን ነው። ድንጋይ ጠርበው አያውቁም፤ እሳቸው ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም።

ጠዋት ጠዋት በሬዎች እምነ በረድ በሚጎትቱበት ዳገት ይወጣሉ። የድሮው ምሽግ በር ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይቆማሉ፤ ለድካማቸውም በሩን ይወቅሳሉ። ከዚያ የከተማዋ አምላክ አቴና በምትገባበት አዲስ ቤት ፊት ቆመው የዘወትር ቃላቸውን ይጀምራሉ።

«ክፉ አይባልም፤ ግን…»

ከዚያ «ግን» በኋላ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሊመለስ ይችላል።

በሬ ነጂውን «ቀኙ በሬህ አኩርፏል» ብለውት ነበር። ነጂው እንደሚምለው በሬው እውነትም ከዚያን ቀን ጀምሮ አኩርፏል። ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ እንዲተፋ የተቀረጸውን አንበሳ አይተው «ጥርሱን ያመዋል?» ሲሉ ቀራጩ ለሁለት ቀን አላናገራቸውም። አንድ ጊዜ ገመድ ተበጥሶ ድንጋይ እስከ ወይራው ማሳ ሲንከባለል፣ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ፣ ሊሳንያስ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ «ትናንት ብያለሁ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለ እያንዳንዱ ገመድ በየቀኑ ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከመረብ የፈቱትን ከባድ የእርሳስ ቁራጭ በክር አስረው መጡና ማዕዘኑ ላይ ካለው ዓምድ አጠገብ እንደ ቱምቢ አንጠለጠሉት። አርኪጶስ ሁለት ዓመት የደከመበት ዓምድ ነው።

«ጠማማ!»

«አባቴ፣ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ያዘዘው መሐንዲሱ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀጥ ይላል።»

«ቀጥ እንዲል አጣመምከው?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«በዚህ ዕድሜ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ዓምዱ እንዲፈርስ ለሸንጎ አመለከቱ። መሐንዲሱ የጣሪያ እምነ በረድ ሊመርጥ ባሕር ተሻግሮ የክረምቱ ነፋስ አግቶታል። አርኪጶስ ደግሞ መጤ ስለሆነ በሸንጎ መናገር አይፈቀድለትም። ሸንጎው ከታጠረበት ገመድ ውጭ ቆሞ፣ ሌሎች በሁለት ዓመት ልፋቱ ላይ ሲፈርዱ ማየት ብቻ ነበር የቀረው።

ሸንጎው ከማለዳ ጀምሮ ስለ ገብስ ሲጨቃጨቅ ውሎ ርቦታል። የሊሳንያስ ጉዳይ ሲነበብ ጥያቄ ያቀረበ የለም።

«ጠማማ ከሆነ ይፍረስ!» አለ አንዱ።

«ይፍረስ! ምሳችንን እንብላበት!»

እጆች እንደ ደረሰ የገብስ ማሳ ተነሡ። ሊሳንያስ ዙሪያቸውን አዩ። በአርባ ዓመት የሸንጎ ሕይወታቸው ከሦስት ሰው በላይ ደግፏቸው አያውቅም። የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ሰው መሰሉ።

«እጃችሁን አውርዱ!»

«የእርስዎ ሐሳብ እኮ ነው፣ አባባ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ፎርሚዮን።

«አንተ መቼ ወጥተህ አየኸው?»

«ለበዓሉ ወጥቼ ነበር።»

«በበዓሉ ያየኸው የመሥዋዕቱን ሥጋ ነው!»

ሸንጎው ሳቀ። ሊሳንያስ አልሳቁም።

«ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ የፊቱን ስድስት ዓምዶች በሙሉ ለክቻለሁ። ስድስቱም እኩል ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ሰካራም ስድስት ጊዜ እኩል አይንገዳገድም። ይሄ ታስቦበት የተሠራ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይፍረስ አሉ?» አለ ፎርሚዮን።

«እንድትከራከሩኝ ነዋ!» ድምፃቸው ድንገት ቀጠነ። «የድሮው ቤተ መቅደስ ሲቃጠል ከአባቴ ጀልባ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚያ ኮረብታ ላይ ሌላ ነገር ሲወድቅ አላይም።»

እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከገመዱ ውጭ የቆመው አርኪጶስ ወደ መሮው ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ሊያመሰግናቸው ቃል ሲያዘጋጅ ከኋላው «ክፉ አይባልም፤ ግን…» የሚል ሰማ።

ሦስት ዓመት አለፈ። ሥራው ሲያልቅ የሊሳንያስ ዓይን ፈዞ፣ ጉልበታቸውም ዳገቱን እምቢ ብሎ ነበር። አርኪጶስ ድንጋይ የሚጎተትበት ሸርተቴ ላይ ጭድ አንጥፎ፣ በኩርፊያ የሚታማውን በሬ ጠምዶ፣ እንደ እምነ በረድ አወጣቸው። ዳገቱን ሙሉ ስለ ጭዱ አማረሩ።

ማዕዘኑ ላይ ካለው ዓምድ ጋ ሲደርሱ መረብ የለመዱት ጣቶቻቸው ከላይ ወደ ታች በተቦረቦሩት ቦዮች ላይ ሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ዞሩ። በስተጀርባ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ ደረታቸው ትክክል ሲደርሱ ጣቶቹ ቆሙ። እዚያ የቦዩ ጥልቀት ከሌላው በጥፍር ውፍረት ያህል ያንሳል።

አርኪጶስ ያውቃል። በሥራው መጨረሻ ቦዮቹን በጸደይ ሲቦረቡር፣ የአጭሩን ሽማግሌ የደረት ከፍታ በራሱ ሆድ ለክቶ፣ ጣታቸው እንዲያገኘው መሮውን ሆን ብሎ ቀድሞ ያነሳው እሱ ነው። መሐንዲሱ ቢደርስበት ከነመሮው ያባርረዋል።

የሊሳንያስ ፊት በራ።

«ክፉ አይባልም» አሉ፤ «ግን…»

አርኪጶስ ዓምዱ ሥር ተቀመጠና የገብስ ቂጣውን ለሁለት ቆረሰ።

«ይንገሩኝ፣ አባቴ።»