የአንዱ ራስ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ደብሪቱ የምትባል ነሐስ የምታፈስ ሴት ነበረች። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሠሪ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው እሳቱንም ጭቃውንም ለእሷ አውርሰዋት ሞቱ። እሷ ግን ደወል አልሠራችም። አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ ተምራ ስትመለስ የሰው ራስ መሥራት ጀመረች፤ የሽማግሌ ራስ፣ የሙሽራ ራስ፣ የአዝማሪ ራስ። «ደወል ካልመቱት አይናገርም፤ የኔዎቹ ዝም ብለው ይናገራሉ» ትል ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። የጭቃ ልብ ይበጅና በላዩ ሰም ይለብሳል። መልኩ፣ ዓይኑ፣ ከንፈሩ ሁሉ የሚሠራው በሰሙ ላይ ነው። ከዚያ ሰሙ እንደገና በጭቃ ተሸፍኖ እሳት ላይ ይወጣል፤ ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳ ይፈስሳል፤ ቦታው ባዶ ይቀራል። ቀጥሎ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጭቃው ይቀበራል፣ አፈር ይመለስበታል፤ አለዚያ የጋለው ነሐስ ሲገባ ያፈነዳዋል። ነሐሱ ፈስሶ ሲበርድ ጉድጓዱ ይከፈታል፣ ጭቃው ይሰበራል፣ ራሱም ይወጣል። ሰው የሚያየው ነሐሱን ነው። ሰሙን የምታውቀው የሠራችው ብቻ ናት።

በዚያ ዘመን የከተማው ኃላፊ ጓድ ክንፈ የሚባል ሰው ነበር። ጓድ ክንፈ ራስ መሰብሰብ ይወዳል። ከመኳንንቱ ቤት የተወረሰውን ነሐስ ሁሉ ወደ ሳሎኑ አስመጥቶ በየመደርደሪያው ደረደረው፤ ብዙዎቹ ደብሪቱ የሠራቻቸው ነበሩ። ሐሰት ለምን ይነገራል፣ ሥራ ያውቃል። ጣቱን በነሐሱ አንገት ዙሪያ እያዞረ፣ «ራስ የሚታወቀው ከአንገቱ ነው» ይላል። ጭረት ወይም ቀዳዳ ያለበትን ግን ከደጁ ይመልሳል። ሳሎኑ ውስጥ እንከን ያለበት ራስ አልነበረም፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ እሱ ያልቆጠረው ራስ አልነበረም።

ደብሪቱ አንድ ልጅ ነበራት፤ አንዱዓለም። ቤት ውስጥ አንዱ ይሉታል። ሳቁ ከአፉ ቀድሞ ከትከሻው የሚጀምር፣ መምህር ለመሆን የሚማር ወጣት ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተውበት እናቱ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። በኅዳር አንድ ቀን መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ከምሳ ገበታ ላይ አስነሡት።

«ለጥያቄ ነው» አሏት።

ጥያቄው አላለቀም። ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ሰነበተች። አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ በረኛ አገልግሉን ሳይቀበላት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለና፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ አያምጡ። አይርበውም» አላት።

አስከሬን የሚሰጥ አልነበረም። ድንኳን መትከል፣ ደረት መምታት፣ ሰብሰብ ብሎ መቀመጥ በጓድ ክንፈ ትእዛዝ ተከልክሏል። ያለቀሰ «ለማን ነው ያለቀስከው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተጠይቆ የተመለሰ ደግሞ ጥቂት ነው። ጎረቤቷ ዘምዘም ጨው የምትበደር መስላ መጣችና እጇን ይዛ ተቀመጠች። ደብሪቱ ጨው ሰጠቻት። ሁለቱም ሌላ ቃል አልተነፈሱም፤ ግድግዳው ስስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብሪቱ ሰም ማለስለስ ጀመረች። በሕፃንነቱ ገላውን ባጠበችበት እጅ ሰሙን እያሞቀች ግንባሩን አወጣች፣ ቅንድቡን፣ ሲቆጣ የምትሰፋውን አፍንጫውን። ፎቶግራፍ አላየችም። ራሱ ሲያልቅ ሸማዋን ደርባ ወደ ጓድ ክንፈ ቢሮ ሄደች።

«ራስ ላፈስ ነው» አለችው። «ጉድጓድ የሚቆፍር፣ አፈር የሚመልስ፣ እሳት ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገኛል። ሰው መሰብሰብ ያስጠይቃል ስለተባለ ፈቃድ ልለምን መጣሁ።»

«የማን ራስ ነው?»

«የአንዱ።»

ክንፈ ዝም ብሎ አለፈው። ብዙ ስም በእጁ ያልፋል፤ አንዱንም አያስታውስም። «ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ወጣት ነው። ላመነበት የወደቀ።»

«ለአብዮቱ የወደቀ ወጣት!» ክንፈ ከወንበሩ ተነሣ። «ጥሩ አስበሻል፣ ወይዘሮ ደብሪቱ። ነሐስ አለሽ?»

«ከአባቴ የተረፈ ስንጥቅ ደወል አለ። አይበቃም።»

«የጥይት ቀለህ አሰጥሻለሁ። የተተኮሰበት መጋዘን ሙሉ አለን። ለአንድ ራስ ስንት ይበቃል?»

ደብሪቱ፣ «አንድም ይበቃል» አለች።

ክንፈ ሳቀ። ቁጠባዋ ገረመው። «ሲያልቅ ወደ እኔ ሳሎን ነው የሚመጣው፤ ይህን ከአሁኑ እወቂ። ሁለተኛ እንዳታወጪ ደግሞ። ብቸኛ ሲሆን ነው ዋጋ የሚኖረው።»

«ሁለተኛ አይወጣም፤ የወጣበት ይሰበራል። መቼም ያፈራሁትን ሲወስዱብኝ የመጀመሪያዎ አይደለም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ክንፈ፣ የሳሎኑ መደርደሪያ ትዝ ብሎት።

ወደ ቤቷ ስትመለስ የሰው አጥር ተደግፋ ቆየች። ፈቃዱን ያገኘችው ልጇን ዳግመኛ አሳልፋ በመስጠት መሰላት። ሰሙን ሰብራ ወደ ድስቱ ልትመልሰው አሰበች፤ ቤት ገብታ ፊቱን ስታይ ግን እጇ አልታዘዛትም። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋጋ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ አውራ ጣቷን በእሳት አሙቃ ከቀኝ ጆሮው አጠገብ ሰሙን ቀስ አድርጋ ጫነችው።

የአባቷ ረዳት የነበረው ሽማግሌው ጋሽ አባተ፣ ማቅለጫውን ሊያሰናዳ ሲመጣ ሰሙን በጣቱ መረመረ።

«ደብሪቱ፣ እዚህ ጆሮ ግንዱ ላይ ሳስቷል። ነሐሱ አይደርሰውም፤ ቀዳዳ ይተዋል።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ አባተ። ሳስቼለት ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጣቱን ከሰሙ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ። ጭቃውን አብረው አለበሱት።

እሳቱ በተለኮሰበት ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገው ለብሰው ነበር። ከቢሮ ለጥበቃ የተላከው ወታደር ይህን አይቶ፣ «ምነው እንዲህ ለበሳችሁ?» ቢላቸው፣ «ጥለቱን እሳት እንዳይበላብን ነው» አሉት። አንዷ ንፍሮ ቀቅላ አምጥታለች፤ ለሠራተኛ ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን በግንድ ላይ፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን መሬት ላይ ተቀመጡ። ደብሪቱ ከሥር ደረቅ የወይራ እንጨት ከመረች፤ በዳር በዳር ደግሞ በዚያው ጠዋት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ።

ጋሽ አባተ፣ «እርጥቡ ምን ያደርግልሻል? ጭስ እንጂ ሙቀት የለው» አላት።

«ለሙቀቱ ወይራው አለ» አለችው።

ጭሱ ተነሥቶ ሰዉን ሸፈነው። ከዚያ ከሁሉም ዓይን ዕንባ ይወርድ ጀመር። ዘምዘም በዝምታ ነው ያነባችው፤ ሌላዋ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሰፈሩ የአንዱ ብቻ አልነበረም ጭሱ፤ ሁሉም ወደየራሱ እሳት የሚያይ ይመስል ነበር።

ወታደሩ መሣሪያውን አስተካክሎ ቀረበ። «ማነው እዚህ የሚያለቅሰው?»

«ጭሱ ነው፣ ልጄ» አለችው ዘምዘም። «እርጥብ እንጨት ነው የተገኘው። ካላመንክ አጠገቤ ተቀመጥና እየው።»

ወታደሩ ቆሞ እምቢ አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን እጅጌውን ወደ ዓይኑ ወሰደ፤ ከዚያም ተቀመጠ። ወጣት ነው፤ እናት ይኖረው ይሆናል፣ ወንድምም ይኖረው ይሆናል። ንፍሮ ሲሰጡት በሁለት እጁ ተቀበለ።

ወደ ቀትር ሲጠጋ ሰሙ ከቀዳዳው መውረድ ጀመረ፤ በመጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ በኋላ ሳያቋርጥ። ደብሪቱ ያን ጊዜ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ቃል ያልሆነ፣ አጭር፣ ከሆዷ የመጣ።

ወታደሩ ዘወር አለ። «ምን ሆነች?»

«ምንም» አለ ጋሽ አባተ። «ሰሙ ነው።»

እውነትም ሰሙ። ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም ሰሙ።

በማግስቱ ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፈሩ። መሪጌታ ኅሩይ፣ በአጥቢያው ደብር ሲያገለግሉ የኖሩት አዛውንት፣ ጥምጥማቸውን ትተው የሠራተኛ ቆብ አድርገው አካፋ ይዘው መጥተው ነበር። ወንዶቹ ጭቃውን በገመድ ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት፤ ለነሐስ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አይተው እንደማያውቁ በኋላ ራሳቸው አወሩት። መሪጌታ አፈሩን ሲመልሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው የሚያነበንቡት?» አላቸው ወታደሩ።

«አፈሩን እየለካሁ ነው፣ ልጄ። ከአፈር የመጣ ወደ አፈር ሲመለስ ልክ አለው፤ ልኩ ካልተባለ ሥራው አይቆምም።»

ወታደሩ ቆቡን አወለቀ፤ ፀሐዩ ግን ገና አልበረታም ነበር። የመጨረሻው አፈር ተመለሰ። ከዚያ ጋሽ አባተና ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ማቅለጫውን ተሸክመው የጋለውን ነሐስ በቀዳዳው አፈሰሱት። ደወሉም ቀለሁም አንድ ሆነው ገቡ። ሰዉ እየተነሣ እጁን ተጣጥቦ ወደየቤቱ ሄደ።

ጉድጓዱ ሲከፈት ደብሪቱ ከዘምዘም ጋር ብቻዋን ሆነች። ጭቃውን በመዶሻ ቀስ እያለች ሰበረችው። ፊቱ ላይ የቀረውን በለብታ ውሃ አጠበችው፤ ከጆሮው ሥር፣ ከዓይኑ ጥግ። ቀዳዳው ባሰበችበት ቦታ፣ በቀኝ ጆሮ ግንዱ ላይ ነበር። ነሐሱ ገና ጨርሶ አልበረደም፤ በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠጋችውና ሙቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ያዘችው። ዘምዘም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጓድ ክንፈ አጃቢዎቹን አስከትሎ የመጣው በሳምንቱ ነው። ሰፈሩ የኃላፊውን መኪና አይቶ ከየደጁ ወጣ፤ ግቢው ሞላ። ደብሪቱ አቡጀዲውን ስትገልጥ ክንፈ ለአንድ አፍታ ትንፋሹን ያዘ።

«ይህ ከሠራሻቸው ሁሉ ይበልጣል» አለ፣ ከልቡ። ራሱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ጣቱን እንደ ልማዱ በአንገቱ ዙሪያ አሽከረከረ፣ ወደ ጉንጩ ወጣ፣ ወደ ጆሮው። እዚያ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነው።»

«እሱንማ አያለሁ። ምን በሳው?»

«እሳት።»

«በደንብ አልጠበቅሽውም ማለት ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ደብሪቱ። «አልጠበቅሁትም።»

«እንግዲያው ይደፈን።»

«እኔ አልችልም፣ ጓድ ክንፈ። የበሳው ይድፈነው እንዳይባል፣ እሳት መብሳት እንጂ መድፈን አያውቅም።»

ክንፈ ራሱን እያገላበጠ ቆየ። መውደዱ ከፊቱ ይነበባል፤ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ሸፈነው፣ መልሶ ገለጠው። በመጨረሻ የገዛ ራሱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። እንከን ያለበት እኔ ቤት አይገባም። እዚሁ ይቅርልሽ።»

«ይሰጡኛል?»

«ውሰጂው፤ ያንቺ ነው።»

ደብሪቱ ሁለት እጇን ዘረጋች። ክንፈ ራሱን ከእጁ ወደ እጇ አሳለፈው። ክብደቱን ስትቀበል ወገቧ ጎንበስ አለ፤ እንደ ሕፃን በክንዷ ላይ አስተኛችው።

ክንፈ ሰዉ ሁሉ ጭጭ ማለቱን አይቶ ነገሩን ሊያቀልለው ፈለገ። ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ «ያን ሁሉ ደክመሽ እንዲህ መቅረቱ!» አለ። «እንግዲህ ምን ይባላል? ያጥናሽ!» ብሎ ሳቀ።

አጃቢዎቹ አብረውት ሳቁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ዘምዘም ከግድግዳው ሥር ተነሥታ መጣች። ጎንበስ ብላ የደብሪቱን ጉልበት ነካችና ድምጿን ሳትደብቅ፣ «አላህ ያጥናሽ» አለች። መሪጌታ ኅሩይ ተከተሉ፤ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ።» ጋሽ አባተ መናገር አቅቶት እጇን ብቻ ሳመ። ከዚያ ሰፈሩ ተራ ይዞ፣ ሴቱም ወንዱም፣ እየመጣ «ያጥናሽ፣ ያጥናሽ» አላት። ለሁሉም አንገቷን ዝቅ እያደረገች መለሰች፤ ዕንባዋም ያለ ጭስ ወረደ። በመጨረሻ ያ ወታደር ከአለቃው ጀርባ ሆኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ክንፈ ፈገግታውን የሚያኖርበት ቦታ ጠፋው። ቃሉን ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው፤ አሁን ማንን ይከልክል? ሰዓቱን አየና ወደ መኪናው አመራ። በሩን ሊከፍት ሲል ደብሪቱ፣ አንዱን እንደታቀፈች፣ ከኋላው ተጠጋችው።

«ጓድ ክንፈ» አለችው ረጋ ብላ፣ «ብድርዎን ለመመለስ ያብቃኝ።»