ማኅተም የሌለው መጥሪያ

እኔ ቁጭ ብዬ የጨረስኩት ነገር የለም። ይቺን ለመጻፍ እንኳ ከተቀመጥኩ ሁለት ጊዜ ተነስቼ በር ከፍቼ አይቻለሁ። ማንም አልመጣም፤ የሚመጣም ሰው የለም። ምን ላድርግ? ሐኪሙ ዕረፊ ይለኛል፣ ልጆቼ እማዬ ተቀመጪ ይሉኛል። እኔ ግን ከተቀመጥኩ አንድ ነገር የሚያመልጠኝ ይመስለኛል። ይህ አመሌ በልጅነቴ አንዴ ጉድ ሠርቶኛል፤ እሱን ላጫውታችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰፈሩ ኮልፌ፣ ከቀራንዮ ወደ ታች ሲወረድ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ለስኳር የኅብረት ሱቅ ሰልፍ፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች፣ ታጥባለች፣ ከዚያ የሚወስዳት ባል እስኪመጣ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም።

እትዬ አስካለ የመጡልን ያኔ ነው። ቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ኋላ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆኑ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሲያወሩ ጣቶቻቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። አሥራ ሁለት ልጃገረዶች መረጡና ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ታይፕ ላስተምራችሁ አሉን። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ታይፕራይተሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቀበሌው ጸሐፊ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። ያኔ ታይፕራይተር እንደ ጠመንጃ ይፈራ ነበር። ወረቀት ይበተንበታላ!

እትዬ አስካለ የሳሙና ካርቶን ቀደው ፊደሎቹን በየቦታቸው ሳሉበት። ለእያንዳንዳችን አንድ ካርቶን። ድምፅ የሌለው ታይፕ! እኔን ዝምታው አላስቀምጥ ሲለኝ በአፌ "ጣ! ጣ! ጣ!" ማለት ጀመርኩ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። አሥራ ሁለታችንም "ጣጣጣጣ" ስንል በር ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አቀባብሎ ገባ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ደብዳቤ እየጻፍን ነው" አልነው። ካርቶኑን ገልብጦ አየ፣ እኛን አየ፣ ወጣ።

ታይፕ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሩን ዘግተው የወር አበባን በስሙ ጠርተው ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ቢሮ ስትገቡ መሬት መሬት አትዩ፣ ስማችሁን እስከ አያታችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ ይሉናል። አንድ ቀን ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ብለው ጠየቁን። ከዚያ በፊት ማን ጠይቆን ያውቃል?

ከሁላችን ፈጣኗ ዘነበች ነበረች። ጎረቤቴ ናት፣ ገና አሥራ አራት ዓመቷ። ዓይኗን ጨፍና ካርቶኑ ላይ ስትጽፍ አንድ ፊደል አትስትም። አንድ ቅዳሜ ቀረች። በሚቀጥለውም ቀረች። ቤቷ ብሄድ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

"ከፋሲካ በኋላ ልዳር ነው" አለችኝ።

"ለማን?"

"ጎጃም ላለ ለአባቴ ወዳጅ። አላየሁትም። ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው አሉ።" የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀችው፣ ጨመቀችው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ትጨምቃለች።

አባቷ ጋሽ አላምረው አናጢ ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ደስ ባለኝ፤ አይደሉም። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸው ታደሰ ለጥያቄ ትፈለጋለህ የሚል መጥሪያ መጣለትና ሄደ። አልተመለሰም። የት እንዳለ የነገራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ነው፦ የቀረችኝን ከዚህ ከተማ ላውጣት። እትዬ አስካለ ሁለቴ ሄደው ለመኗቸው። ወንበር ሰጥተው፣ በአክብሮት ሰምተው፣ "እሜቴ፣ ታይፕ ከሞት ያስጥላል?" አሏቸው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

"በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ እሄዳለሁ" አሉኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት! ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ እሳቸው በሚቀጥለው ሳምንት ይላሉ! እኔ እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ አይወርድልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የኅብረት ሱቁን የስም ዝርዝር በታይፕራይተሩ እንድጽፍ እትዬ አስካለ ለቀበሌው ጸሐፊ ሰጡኝ። እሱ በመሐል ስብሰባ ተጠራና ወጣ። እኔና ታይፕራይተሩ ተፋጠጥን። ከዚያ በኋላ የጻፉት ጣቶቼ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም ብል ታምኑኛላችሁ?

"ለአቶ አላምረው። ለብርቱ ጉዳይ ስለሚፈለጉ ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲቀርቡ። ኢትዮጵያ ትቅደም።"

ማኅተም የለውም። ማን ማኅተም ያያል ብዬ አጠፍኩትና ማታ ሳይሆን፣ እዚያው በቀን፣ መንገዱ ጭር ሲልልኝ በበራቸው ሥር አሾለክሁት። ዕቅዴ ምን ነበር? ቀበሌ ይመጣሉ፣ እትዬ አስካለ ቢሮ ውስጥ ሆነው ሲያናግሯቸው እንደ ቤታቸው እምቢ ለማለት ያፍራሉ። በቃ። ከዚያ ወዲያ አላሰብኩም። ማሰብ ቁጭ ማለት ይፈልጋል።

ዓርብ ትምህርት ቤት ቀርቼ የቀበሌው በር ላይ ቆምኩ። ጋሽ አላምረው መጡ። ሁለት ሱሪ ደራርበው ለብሰዋል። በአንድ እጃቸው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ዳቦ የተቋጠረበት ፌስታል ይዘዋል። ሚስታቸው ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ያለቅሳሉ። ዘነበች የእናቷን እጅ ይዛለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፣ ግን ያየችኝ አልመሰለኝም። እስር ሊገቡ ነው የመጡት። ልሩጥና ልንገራቸው አልኩ። ያ ቆሞ የማያውቅ እግሬ ያን ቀን አልንቀሳቀስም አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር "አላውቅም" የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰው ነው። እሳቸው ከገቡ በኋላ መስኮቱ ሥር ተጠግቼ አየሁ፣ ሰማሁ። ወረቀቱን ተቀበለ። አነበበ። ገለበጠ። ደግሞ አነበበ። ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው አያውቅም፤ እንዴት ብሎ ይህን ይናገር?

"ጥፋትህን ታውቀዋለህ!" አለ።

"አላውቀውም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ታውቀዋለህ! ራስህ ተናገር!"

ጋሽ አላምረው መናዘዝ ጀመሩ። ባለፈው ስብሰባ እንቅልፍ ወስዶኛል አሉ። "ሌላ!" አለ። ምስማር ከመንግሥት ሱቅ ውጭ ገዝቻለሁ አሉ። "ሌላ!" ሰልፍ ላይ መፈክር ሲባል አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው አሉ። ሊቀመንበሩ ሳል ያዘው። "ሌላ!" ጋሽ አላምረው የቀራቸውን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ "ሌላ የለኝም፤ ልጄን ልድር ነው፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው" አሉ።

"እሱን ነው!" ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበው። ከመገላገሉ ብዛት ድምፁ ቀጠነ። ስለ ሴቶች ነፃነት ግማሽ ሰዓት ተናገረ። አላቆምም ብሎ እንጂ መልካም ንግግር ነበር። "አልድርም ብለህ ፈርም!" ፈረሙ።

ጥግ ላይ የራሳቸው ጠረጴዛ ያላቸው እትዬ አስካለ ተነስተው "ይህን እኔ ፋይል ላድርገው፣ ጓድ ሊቀመንበር" ብለው ወረቀቱን ወሰዱ። አንድ ጊዜ አዩት። እኔ ከአራት ነጥብ በኋላ ክፍተት አልተውም፤ ስለምቸኩል። ሁልጊዜ የሚቆጡኝ በሱ ነው። ቀና ብለው በመስኮቱ አዩኝ፣ ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ውጭ ሲያገኙኝ ይመቱኛል ብዬ ነበር። "ብርድ ልብሱን አየሽው?" አሉኝ።

"አየሁት።"

"ለታደሰ ብለው በየእስር ቤቱ ይዘው የዞሩት እሱን ነው። አይፈለግም ተብሎ ተመልሶላቸዋል።" እጄን ያዙኝ። "አሁን ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አብሬሽ እሄዳለሁ።"

"ቢያሳስሩኝስ?"

"ያኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ከቀበሌ እስከ ቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሆንም። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ጋሽ አላምረው ግቢያቸው ውስጥ ጣውላ ይልጋሉ፤ ሁለቱን ሱሪ ገና አላወለቁም። ቆሜ ስሜን እስከ አያቴ ተናገርኩ። ለምን እንደተናገርኩ አትጠይቁኝ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩ።

መላጊያውን አስቀመጡ። ከጣውላው ላይ ፍቅፋቂውን በእጃቸው ጠረጉ። እኔ አንዱን እግር በሌላው እቀይራለሁ።

"ማኅተም አልነበረውም ማለት ነው?" አሉ።

"አልነበረውም።"

"የታደሰንም አላየሁትም" አሉ። "ያኔም ማኅተሙን አላየሁም። ሂድ አልኩት፤ ንጹሕ ሰው ምን ይሆናል ብዬ።" ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ይምሩኝ ልል ስል "ዘነበችም እንዲህ መጻፍ ትችላለች?" አሉኝ።

"ከኔ ትበልጣለች። እሷ ክፍተት አትረሳም።"

"እንግዲያው ወንድሟ የት እንዳለ ጠይቃ ትጻፍልኝ።"

እትዬ አስካለ መሬቱን ሲያዩ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው።

ዘነበች ቅዳሜ ተመለሰች። እትዬ አስካለ ጸሐፊውን እንዴት እንዳሳመኑት አላውቅም፤ ታይፕራይተሩን ከፈተላት። በእውነተኛ ታይፕ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ የአባቷ አቤቱታ ነው። ወር አልፎ ወር ሲመጣ ሌላ ጻፈች። ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሌላው። አራት ዓመት ሙሉ! እኔ በስድስተኛው ወር ተናድጄ መልስ ካልሰጡ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። እሷ አዲስ ወረቀት ከታ ማርጂኑን ታስተካክላለች።

አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ዓመት መልስ መጣ። ጋሽ አላምረው ፖስታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቤታችን መጡ። ማኅተም አለው፤ አይተውታል። ዘነበች ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች፤ እስክትመለስ መጠበቅ አልቻሉም። "አንብቢልኝ" አሉኝ፣ ሳይቀመጡ።

አነበብኩት። በልቤ ደግሜ አነበብኩት። አቤቱታዎቹ በጥራት የተጻፉ ሆነው ስለተገኙ ጸሐፊዋ ለታይፒስትነት ፈተና ትቅረብ ይላል። ስለ ታደሰ አንድ ቃል የለም።

"ስለ ልጄ ነው?" አሉኝ።

ምን ልበል? "አዎ" አልኩ። "ስለ ልጅዎ ነው። ስለ ዘነበች።"

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ቀስ ብለው ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እሷም ልጄ ናት" አሉ።

ማን አይደለችም አላቸው?