የፊት ጥርሴ ቀለም በማክሰኞ ገበያ

ዛሬ ወልድያ ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም። ግን ከሌላ ከምትሰሙት ከራሴ ይሻላል፤ መርሳ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኛል!

መጀመሪያ ሚስጥሬን እንካችሁ። የላይኛው የፊት ጥርሴ ተበልቷል።

ታዲያ እንዴት አላየነውም ትሉኝ ይሆናል። ስስቅ አፌን በሻርፕ ስለምሸፍን ነዋ! ሰልፊዎቼን ሁሉ ሂዱና እዩ፣ ከንፈሬ ግጥም ነው።

የእጮኛዬ እናት ደግሞ ይህን አይተው "አይናፋር ልጅ አገኘን፣ አልሐምዱሊላህ" ብለው ለመንደሩ አውርተዋል። ጨዋነቴ የቆመው በአንድ የተበላ ጥርስ ላይ ነበር።

ኒካሁ እሑድ ነው። በድብቅ ላስሞላ ብዬ ከአክስቴ ከሐዋ ጋር ወልድያ ወጣሁ።

ማክሰኞ! በገበያ ቀን! ከመርሳ ሰው ልደበቅ ብዬ መርሳ ሁሉ ወደተሰበሰበበት ሄድኩላችሁ።

ሐኪሙ ጥርስ የሚመስለው መሙያ ብዙ ዓይነት ነጭ እንዳለው ነገረኝና የናሙና ጥርሶች አወጣ። ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር የሚመሳሰለውን እንምረጥ አለ። እኔ የምታበራዋን ነጭ ጠቆምኩ። እሱ ወደ ቢጫ የምታደላ አነሳ። ከፋኝ።

አክስቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ቀለም በአምፖል አይመረጥም ብላ ድርቅ አለች። ሐኪሙም የቀን ብርሃን እንደሚሻል አመነና እስከ በሩ ድረስ ብቻ ብሎ ፈቀደ።

አክስቴና እስከ በሩ! አስፋልት ዳር አቆመችኝ። ሻርፔን ወደ ትከሻዬ መልሳ፣ አገጬን ይዛ፣ ናሙናውን እየለካች አላፊ አግዳሚውን ታማክር ጀመር።

ባለባጃጁ ነጯን አለ። ሽንኩርት ሻጯ ሳቀች፤ ነጯ ብቻዋን ታፈጣለች አለች። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነኝ፤ ማን ጠይቆኝ!

ከኋላዬ አንድ እጅ መጣና ቢጫዋን አነሳ።

"ይቺ ናት ልክሽ፣ ልጄ።"

ዞር አልኩ። የእጮኛዬ እናት!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ቀዳዳውን ረጋ ብለው አዩት።

"እኔ እኮ አፍረሽ መስሎኝ ነው ለስንቱ ያወራሁት" አሉ።

ከዚያ አብረውን ገብተው እስኪሞላ ጠበቁ። እውነቱን ልናገር፣ ቢጫዋ ከሌሎቹ ጥርሶቼ አትለይም! በደስታ ሳቅሁ፤ እጄ ግን ልማዱ ነውና ወደ አፌ ሄደ።

"ተይ" አሉኝ እጄን ይዘው፤ "የመረጥኩትን አትሸፍኝብኝ።"

እሺ፣ ምከሩኝ እስቲ፤ እሑድ በሙሽራ ወግ አንገቴን ልድፋ ወይስ የአማቴን ምርጫ ላሳይ?