ሙሽራ አቅፎ እስከ አራተኛ ፎቅ

የፊልም ፖስተር ላይ ያለ ወንድ ለምን እንደሚቆጣ ገብቷችሁ ያውቃል? እኔ አልገባኝም። ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በታክሲ በሄድኩ ቁጥር በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ጥቁር መነጽር፣ የተነፋ ደረት፣ የተጣመሩ ክንዶች፣ ከትከሻው ኋላ ደግሞ አንገቷን ዘንበል ያደረገች ቆንጆ። እንዲህ ያለች ሴት ተደግፋው ምን እንዳናደደው እንጃ! ከተማው በየቀኑ ፎቅ ይጨምራል፣ ወንዱ ደግሞ ደረት። ገርጂ፣ እኛ ሰፈር፣ ወፍጮ ቤት የነበረው እንኳ ዛሬ ጂም ሆኗል፤ በበሩ ስታልፉ ብረት የሚያነሳው ሁሉ ሲያቃስት ሐኪም ቤት ያላችሁ ይመስላችኋል። እኔ ፈሪ ሽማግሌ ነኝ። ደረጃ ስወርድ ድጋፉን ይዤ ነው፤ ታክሲም ጨርሶ ካልቆመ አልወርድም። ስለ ወንድነት አውቃለሁ ብዬ አላደክማችሁም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ ደረጄ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ግንባታው እንዲህ በጦፈበት ጊዜ ሃያ ሁለት አካባቢ ያሉትን ሆቴሎች ወለል ተንበርክኮ ሲያነጥፍ ወገቡ ተጎዳ፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳያነሳ አስጠንቅቆታል። ሳቂታ፣ ለስላሳ ልጅ ነው። ለፖስተር አይሆንም።

ሰናይትን ያገባ ዕለት ሙሽሮቹን አጅበን ኮንዶሚኒየማቸው ደረጃ ሥር ስንደርስ፣ ቪዲዮ አንሺው እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ድሮ በሰርግ የሚያዘው ሽማግሌ ነበር፤ አሁን ካሜራ የያዘው ነው። ተመለሱ ሲል እንመለሳለን፣ ጨፍሩ ሲል እንጨፍራለን።

«ሙሽራው፣ እቀፋትና እስከ ቤትህ በር ውጣ።»

«አራተኛ ፎቅ ነው እኮ!» አለ ደረጄ።

«ታዲያ ሊፍት ላስተክልልህ?»

ሚዜዎቹ አውካኩ። «ደሬ፣ አታሰድበና!» አለ አንደኛው።

«ተው፣ ወገብህ» ስትለው ሰማሁ ሰናይት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እኔም «ልጄ፣ ሐኪሙ ያለህን» ብዬ ሳልጨርስ፣ ሚዜው «አባባ፣ ይተዉት እንጂ! ወንድ ልጅ ነው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

አነሳት። አንደኛውን ፎቅ ሲወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ኮራሁ። ሁለተኛው ላይ ፈገግታው ጠፋ። «አሁን ገና ፊልም መሰልክ!» አለ አንሺው። ሦስተኛው ላይ ከነሙሽራዋ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

እሷ ምንም አልሆነችም። እሱ መነሳት አቃተው። ሁላችንም ስንተረማመስ ሰናይት ጫማዋን አወለቀች፣ ቬሎዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ራሱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አንድ ነገር በጆሮው አለችው። ምን እንዳለችው እስካሁን አላውቅም። ደረጄ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቅ ጀመር። እሷም ሳቀች። እየተያዩ ደግመው ይስቃሉ። ካሜራው ይቀዳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደረጄ ተንበርክኮ መሥራቱ ቀረ፤ ሴራሚክ የሚነጠፍበትን ትቶ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጠረ። ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው ሰናይት ናት። እሱ ጎረቤት እንዳያየው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ስትገባም አያናግራትም፤ የሸክሙ ጥፋት የእሷ ይመስል።

ቪዲዮውማ አማረ። አንሺው ጥበበኛ ነው፤ ሙሽራው አቅፏት መውጣት ይጀምራል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ በር ይከፈታል፣ አለቀ። እንግዳ የመጣ ሁሉ «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። ደረጄ ከሸሚዙ ሥር የወገብ መደገፊያውን ታጥቆ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል።

በቀደም ሰናይት አብሬያት ቪዲዮ ቤቱ እንድሄድ ለመነችኝ።

«የወደቅንበትን ስጠኝ» አለችው አንሺውን።

ልጁ ደነገጠ። «እህቴ፣ እሱማ ያሳፍራል ብዬ ቆረጥኩት። ለባልሽ ክብር ብዬ እኮ ነው!»

«ግድ የለም፣ ስጠኝ።»

«ካሴቱ ላይ ሌላ ሰርግ ቀድቼበታለሁ።»

ሰናይት ቦርሳዋን እንዳቀፈች ቆመች። «ከእኔ ጋር ሲስቅ ላሳየው ፈልጌ ነበር» አለች።

ልጁ አቀረቀረ። ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

«ነይ፣ እንሂድ ልጄ» አልኳት።