ችግርሽን አስረጂ ሲሉኝ

ሰው «ከስሬያለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት ከቀረበ የተማረበት ብድርም አብሮ ይሰረዝለታል? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ማንን ልጠይቅ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ማስተርስ ያላት ልጅ» ነው የምባለው። የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገራችን ሰው። እኔን የተማርኩበት ሊገድለኝ ነው ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት?

በመጨረሻ እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። መኪናዬ ከቆመች ስለሰነበተች ያደረሰችኝ አክስቴ አልማዝ ናት። ውጭ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር። አብራኝ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ጠበቃዋ ደግ ሴት ናት። የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ይሰረዛል አለችኝ። የሆስፒታሉም እንደዚያው። ተነፈስኩ። የተማሪ ብድሩስ? እሱ የክስረት ማመልከቻ (ባንክራፕሲ) ስላስገባሽ ብቻ አይነካም አለች። እዚያው ጉዳይ ውስጥ ሌላ ክስ መመሥረት አለብሽ። ብድሩን እየከፈልሽ መኖር እንደማትችዪ፣ ነገም እንደማይሻልሽ፣ ለመክፈልም ከልብሽ እንደሞከርሽ ታስረጃለሽ። ለካ መቸገር ብቻውን አይበቃም፤ ተከራክረው የሚያሸንፉት ነገር ኖሯል።

ቀጥላ ኑሮ እንዴት ነው አለችኝ። አክስቴ ቀደመችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለባትም» አለች፣ በእንግሊዝኛ።

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። አክስቴ ይህን እንደ አድናቆት ቆጥራው ቀጠለች። ክሪስታል በምትባል ከተማ የራሴ አፓርታማ እንዳለኝ (ምድር ቤት ያለች አንዲት ክፍል ናት)፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትልቅ ሥራ እንደምሠራ (ምሳ አመላልሳለሁ)፣ በቅርቡም ዶክተር እንደምሆን ነገረቻት። ዶክትሬት ያልኩት መቼ ነው? በጠረጴዛው ሥር በእግሬ ነካ አደረግኋት። ምን ሆነሽ ነው የምትረግጪኝ አለችኝ፣ በአማርኛ።

መኪና ውስጥ ሁሉንም እንደገና አስረዳኋት። ከእኔ ብሳ ደነገጠች።

«ታዲያ ገመናሽን ለፈረንጅ ላውጣው? አባትሽ ምን ይለኛል?»

«አክስቴ፣ ካልወጣ እኮ ዕድሜ ልኬን እከፍላለሁ።»

ቀይ መብራት ላይ ቆምን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልላት ስል ዓይኗን ስትጠርግ አየኋትና ተውኩት።

«እንግዲያው እኔ እመሰክርልሻለሁ» አለች። «ግን የኔን ወርቅ አድርገሽ ነው የምትቀርቢው። ዳኛ ፊት የድሃ ልጅ መስለሽ አትቆሚም።»

ያኔ ወሰንኩ። ክሱን እመሠርታለሁ። ችግሬን ራሴ እናገራለሁ። የችሎቱን ቀን ግን ለአክስቴ አልነግራትም፤ በአውቶቡስ ነው የምሄደው።