ቀበሌያችንን በውሻ ጉዳይ ስከስስ

ጎረቤትን ከመክሰስ መንግሥትን መክሰስ ይቀላል። ጎረቤት ያኮርፋል፤ ቀበሌ ግን ድሮም ስቆልህ አያውቅም። ይህን የምነግርህ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ባለፈው ወር ቀበሌያችንን ከስሼ ነው... ያውም በውሻ ጉዳይ።

ነገሩ የተጀመረው ከጎንደር ፒያሳ ወደ ሰፈራችን በሚወስደው መንገድ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። «በመጪው ሐሙስ በሰፈሩ የሚገኙ ውሾች በሙሉ ይወገዳሉ» ይላል። የሚወገዱት መርዝ የገባበት ሥጋ እየተጣለላቸው እንደሆነ ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቃል። እኛ ደግሞ ውሻ አለን። ስሙ ምናገባህ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ባለቤቴ አለምነሽ ናት፤ የገዛነውን ሁሉ በአጥር እያጮለቀ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ለሚል ጎረቤታችን መልስ ይሁን ብላ።

ማስታወቂያውን ስነግራት አለምነሽ ምሳዋን ትታ ተነሣች። ስምንት ዓመት አብሮን የኖረ ውሻ ነው። ልጆቻችን ሥራ ይዘው ከራቁ ወዲህ በር ላይ የሚቀበለን እሱ ብቻ ነው።

«ሂድና አናግራቸው» አለችኝ።

ሄድሁ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፤ ትሁትም ነው። የምናገባህን የክትባት ወረቀት ዘርግቼ አሳየሁት።

«ሸጋ ወረቀት ነው፣ ጋሼ። ግን ትእዛዙ ሁሉንም ይላል። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት አለ።»

ይህን ያለኝ እንድተወው ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያው በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄድሁ።

መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰውዬ አቤቱታዬን ተቀብሎ መጻፍ ጀመረ።

«የውሻው ስም?»

«ምናገባህ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ እኔ ሥራዬን ነው የምሠራው።»

«እኔም ስሙን ነው የነገርሁህ።»

የክትባት ወረቀቱን አውጥቼ ባላሳየው ኖሮ፣ እመነኝ፣ ያን ቀን ተከሳሹ እኔ እሆን ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሥራ አስኪያጁን አዩት።

«ይህ ውሻ ምን አጠፋ?»

«እሱ ለብቻው ያጠፋው የለም፣ ክብርት ዳኛ። ዘመቻው የጅምላ ነው።»

«ባለቤት ያለውን ከሌለው በምን ትለያላችሁ?»

«ሥጋው... አይለይም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም። ባለቤት ያላቸውና የተከተቡ ውሾች እንዳይነኩ፣ ቀበሌውም እንዲመዘግባቸው አዘዙ። ለአለምነሽ ደውዬ ስነግራት ደስታ አፏን ያዛትና ስልኩን ለውሻው ሰጠችው። እሱ ጮኸልኝ።

ከችሎት ስወጣ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ደረሰብኝ። ሊቆጣኝ መስሎኝ መልስ ሳዘጋጅ፣ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ክትባቱን የት ነው ያስከተቡት?»

«ምነው?»

«እኔም አንዲት አለችኝ። ማስታወቂያውን የለጠፍሁ ዕለት ማክሰኝት እናቴ ዘንድ ደብቄያታለሁ።»

ቅዳሜ ከሳሽና ተከሳሽ ማክሰኝት ወርደን ውሻይቱን ይዘን በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። እሷም ራሷን በመንግሥት ጭን፣ ጅራቷን በሕዝብ ጭን ላይ ጥላ እስከ ጎንደር ድረስ እንቅልፏን ለጠጠች።