ፍሬኑን እሺ፣ ቺንጋውን በኋላ

ሐኪም «ይሄም ያስፈልግሃል» ሲለን እንደነግጣለን፤ ጋራዥ ሲለን ግን እንጠረጥራለን። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እርስዎም ዘይት ላስቀይር ብለው ገብተው «ይህቺ መኪና እኮ…» የምትለዋን ንግግር ሰምተው ከሆነ፣ ጥርጣሬ እንዴት ጆሮውን እንደሚያቆም ልነግርዎ አያስፈልገኝም።

እኔ ካርቱም ውስጥ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ እየነዳሁ ነበር የምኖረው። አሮጌው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ገና ወንበሩን ያላሞቀበት፣ ወጣቱም ሠልፍ እየወጣ በየሰፈሩ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪናዋን የሸጠኝ ድርጅት ጋራዥ ዘይት ላስቀይር ገባሁ። በማግስቱ የባለቤቴ የሐዋ የአክስት ልጅ ፋጤ ታገባለች። ፋጤ ከወሎ መጥታ ጀብራ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ አባትም ወንድምም አጠገቧ የለም። ከአሠሪዎቿ ቤት ወስጄ ጀሪፍ ሰፈር፣ ሙሽራው ዘንድ የማደርሳት እኔ ነኝ።

የጋራዡ መሐንዲስ ኡስማን ከመኪናዋ ሥር ወጣ።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ የፍሬንህ ሸራ አልቋል። የሞተሩ ቺንጋም ሊበጠስ ነው። እስከ እሑድ ተዋትልን።»

«እሑድ? ነገ ሙሽራ አለብኝ እኮ!»

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ግን ቺንጋው ሙሽራ አያውቅም።»

ሐዋ ጋ ደወልኩ።

«አይተኸዋል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አለቀ የሚልህን ነዋ! ሳታየው ነው የምትጨቃጨቀው?»

ገብቼ አየሁ። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል፤ ለክርክር የሚሆን ነገር አልተረፈውም። ቺንጋው ግን ያው ቺንጋ ነው። ጥቁር የጎማ ቀበቶ ነው፣ ቦታው ላይ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል?

«ፍሬኑን ዛሬውኑ ቀይሩልኝ፣ ቺንጋው ከሠርጉ በኋላ» አልኩ።

ኡስማን «ኢንሻአላህ» አለ። ይህች ቃል ሱዳን ውስጥ ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳላት የኖረ ያውቃል። የዚያን ቀኗ «እንግዲህ አንተን አልለምንም» የምትለዋ ነበረች።

ዓርብ ፋጤን እጇ በሂና አጊጦ ከሐዋ ጋር ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ መንገድ ጀመርኩ። ፋጤ በመስኮት ታያለች። ጥቂት እንደሄድን አንድ ወጣት ጎማ እያንከባለለ ከቅያስ ውስጥ ዘው ብሎ ገባብኝ። ፍሬኑን ረገጥኩት። መኪናዋ ጉልበቱ ሥር ቆመች። ልጁ አፍጥጦ አየኝና ጎማውን ይዞ ሮጠ። ላብ በላብ ሆኜ፣ «አየሽ፣ ሰው በጊዜ ሲወስን!» አልኳት ሐዋን። ጉራዬን ሳልጨርስ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቺንጋው።

የቆምነው ደግሞ ሠልፈኞቹ በጡብና በጎማ መንገድ የዘጉበት አፋፍ ላይ ነው። ወጣቶች ከበቡን። ያ ልጅም አለ። አሁን አለቀልኝ ስል ልጁ ጎንበስ ብሎ ኋላ ወንበሩን፣ የፋጤን እጅ አየ።

«አሩስ!» ብሎ ጮኸ። ሙሽራ ናት ማለቱ ነው።

ለማንም ያልተነሣው ጡብ ተነሣ። እኔ መሪ ይዤ፣ እነሱ «ያላ!» እያሉ ገፉን። ቀጣዩ የተዘጋ መንገድ ስንደርስ ለሌሎች ወጣቶች አስረከቡን፤ እነዚያ ደግሞ ለሌሎች። ሴቶች ከየደጃፉ እልል አሉ። እንዲህ እየተቀባበሉ ጀሪፍ አደረሱን። ሙሽራው ግርግሩን ሲያይ ሠልፍ መስሎት በር ሊዘጋ ነበር።

ፋጤ ልትወርድ ስትል፣ «ወንድም ጋሼ፣ አጃቢ የለኝም ብዬ እኮ ሳለቅስ ነው ያደርኩት» አለችኝ።

እሑድ መኪናዋን አስጎትቼ ኡስማን ዘንድ ሄድኩ። «ብዬህ ነበር» አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ከሥሯ ገብቶ ሲወጣ፣ «ጉድጓድና ጉብታ የሚችልላት ባሌስትራዋም ደክሟል» አለ።

«ቀይረው!» አልኩ ሳላስጨርሰው።

ሳቀ። «አሁን አይሆንም። መንገዱ ሁሉ ጡብ ሆኖ አዲሱም ይሰበራል። መንገድ ሲከፈት ና።»

መቼ እንደሚከፈት እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት።